የቢንያም ባትሪ

ወደ ኮረብታው ውጡ የተባልነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው አላወቅንም። እኛ ጎባጣው አልነው፤ ከታች ሲያዩት ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ ይመስል ነበር። መቶ አለቃችን ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። «ውኃ ሙሉ። ሳይመሽ ቦታ እንይዛለን» አለ፤ አበቃ። ወጣን።

እናንተ ከኋላ የመጣችሁ ልጆች ሱቄ ደጃፍ ቆማችሁ «ጋሽ አለነ፣ ጦር ሜዳ እንዴት ነው?» ስትሉኝ የጀግንነት ወሬ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ከእኔ ዘንድ የለም። ጠመንጃ ይዣለሁ፣ እንደ ሰው ተኩሻለሁ። ጓደኞቼ ስሜን የሚጠሩት ግን ለሌላ ነገር ነበር። እኔ የመቶዋ የእጅ ባትሪ ጠጋኝ ነበርሁ።

ባትሪዎቻችን መዳፍ ውስጥ የሚጠፉ ትንንሾች ነበሩ። ድንጋያቸው ቶሎ ያልቃል፤ እዚያ ደግሞ ሱቅ የለ፣ ገበያ የለ። አንድ ቀን ከተቃጠለ ቢሮ ውስጥ የተሰባበሩ ላፕቶፖች አገኘን። የላፕቶፕ ባትሪ ልጣጩን ብትገፍፉት ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ የሊቲየም ድንጋዮች ተደርድረው ይገኛሉ። ቻርጅ ይደረጋሉ። በሬዲዮው መሙያ እየሞላሁ፣ የሚሞቀውን እየጣልሁ፣ ደህና ደህናውን ለየሁ። ሊቲየም ሲቆጣ አይጣል ነው፤ አንዱ እጄ ላይ ጢሶ ሱሪዬን አቃጥሎብኛል።

ችግሩ መግጠሙ ላይ ነበር። የላፕቶፕ ድንጋይ ሁለቱም ጫፉ ልሙጥ ነው። የእጅ ባትሪያችን ደግሞ በአምፖሉ በኩል ወጣ ያለ የፕላስቲክ ቀለበት አለው፤ ጫፉ ጉብ ያላለ ድንጋይ ከቀለበቱ ውስጥ ያለውን ነሐስ አይነካም። ስለዚህ የመዳብ ሽቦ ጠፍጥፌ ትንሽ ጉብታ እሠራና በፖዘቲቩ ጫፍ ላይ እበይዳታለሁ። ድንጋዩ አጠር ስለሚል የክዳኑን ሞላ በፒንሳ ሳብ አደርገዋለሁ። ከዚያ ክዳኑን ማጥበቅ ነው። ቦግ! መጀመሪያ የገጠምሁት የቢንያምን ነው። የባትሪው ራስ ላይ በሚስማር «ቢ» ብዬ ጫርሁለት።

ቢንያም የባሕር ዳር ልጅ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ወሬ አይጨርስም። ስለ ጣና አውርቶ አይጠግብም፤ ውኃ በጠማን ቁጥር ስለ ውኃ ያወራል። «ኧረ በፈጠረህ ዝም በል!» እንለዋለን። አይሰማም።

የእነዚህ ባትሪዎች አመል ማብሪያቸው ነው። ቂጣቸው ላይ ስላለ ክርን ከነካው ይበራል። ገና ከኋላ ሳለን፣ ተሰልፈን መቶ አለቃው ሲናገር፣ የቢንያም የደረት ኪስ ቦግ አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ፀሐዩ ሆነ። መቶ አለቃው ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ «ድንጋይ ይዙር!» ይላል። ሁላችንም ክዳን ፈትተን ድንጋዩን እንገለብጣለን። የመዳቧ ጉብታ ወደ ክዳኑ ትዞራለች፤ ልሙጡ ቂጥ ወደ አምፖሉ። ልሙጡ ቀለበቱን አልፎ ነሐሱን አይነካም። ቀኑን ሙሉ ብትጫነው አይበራም። ያዞረ ሰው «ዞሯል» ብሎ ይመልሳል። ያለ መቶ አለቃው ፈቃድ መልሶ የሚያዞር የለም።

ጎባጣው ላይ ጉድጓዳችንን ቆፍረን ስንጨርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። አፈሩ ቀይ ነው። ዝናብ ስለነካው ሁሉ ነገር ላይ ይለጠፋል፤ ጫማ ላይ፣ ጠመንጃ ላይ፣ ጣት ላይ። እኔ ከእነ ቢንያም ጉድጓድ ትንሽ ራቅ ብዬ ነበርሁ። ከእሱ ጋር ተመስገን፣ ሰይድና ገብሬ ነበሩ። ተመስገንም የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ከቢንያም ጋር አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው።

«ድንጋይ ይዙር!» አለ መቶ አለቃው በቀስታ።

«ዞሯል።» «ዞሯል።» ከየጉድጓዱ መጣ። የቢንያምን ድምፅ ለየሁት። «ዞሯል፣ ተኝቷል፣ እያንኮራፋ ነው» አለ። አንዱ ሳቀ። «ዝም!» አለ መቶ አለቃው።

አንድ ሰዓት ከምናምን ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከማዶ ሞርታር ተተኮሰ። አንደኛው አለፈን። ሁለተኛው ከፊታችን ወደቀ። ሦስተኛው በእነ ቢንያም ጉድጓድ ላይ ነው የወደቀው። አራተኛው ለእኔ ነበር፤ ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች መታኝ። «ቢንያም!» ብዬ ተጣራሁ። ወሬ የማይጨርሰው ልጅ አልመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የቃሬዛውን መወዛወዝ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ወሬው መጣ። ከሌላ መቶ የነበረ አንድ ቁስለኛ፣ «ከእነሱ ጉድጓድ ብርሃን ብልጭ ሲል አይቻለሁ። ፀሐዩ ነው ያስመታቸው» አለ። ሰውም ተቀበለው፤ የደረት ኪሱን ታሪክ የማያውቅ የለማ። «ዞሯል ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብዬ ተከራከርሁ። «አፉማ ምን ቸግሮት!» አሉኝ። እኔ ብርሃን አላየሁም። ግን ፊቴ ወደ ማዶ ስለነበር አልነበረም ብዬ ልምል አልችልም። ወሬው ከቁስለኞች ጋር እየተሳፈረ ወደየአገሩ ሄደ። እኔ ሳልደርስ ባሕር ዳር ደርሷል።

እግሬ ከዳነ በኋላ፣ ዳነ ከተባለ፣ እዚህ ጣና ዳር ይህችን የቆርቆሮ ሱቅ ከፈትሁ። ለዓሣ አጥማጆችና ለጀልባ ሰዎች ባትሪ እጠግናለሁ። ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር መብራት እያመነጨ የእኛ ሰፈር በየጊዜው ይጨልማል፤ እኔን ጠቀመኝ እንግዲህ፣ ምን ይባላል! ዘመዶቼ አንበሳሜ ከተማ ናቸው። ናልን ይሉኛል፤ አልሄድሁም። የእነ ቢንያምንም ቤት ጠይቄ ለመሄድ አልደፈርሁም። ከሰው ጋር ስቀመጥ ሰው የሚስቅበት ነገር ዘግይቶ ነው የሚገባኝ። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ የሐይቁን ደንገል እያስተኛ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ መጡ። የፋብሪካ ኮፍያ አድርገዋል። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ድንጋዩ አልቋል። አዲስ አግባበት» አሉኝ። «ከበራ ለጀልባ ሰዎች እሰጠዋለሁ። እኔ ሰኞ ጠቅልዬ አገሬ ልገባ ነው።»

«አገርዎ የት ነው?»

«ሆሳዕና። ለፋብሪካ ሥራ መጥቼ ዕድሜዬን እዚህ ጨረስኩ።»

መሐረቡን ፈታሁ። ራሱ ላይ «ቢ» የምትል ጭረት አለች። የገዛ እጄ ጭረት ናት።

«የቢንያም ነው» አልሁ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ልጄን ታውቀዋለህ?»

«አብረን ነበርን። አለነ እባላለሁ።»

«ባትሪ ጠጋኙ?» አሉና ጥግ ላይ ያለ የዓሣ ሣጥን ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «ስልክ ሲደውል ስላንተ ያወራኝ ነበር።» ስማቸው ጋሽ ኤርጃቦ እንደሆነ እኔም ከልጃቸው አፍ አውቀው ነበር። ከዚያ፣ «በል እውነቱን ንገረኝ። አትዘንልኝ። ሦስት የሰው ልጅ ያለቀው በልጄ ባትሪ ነው ወይ?» አሉ።

«ሟቾቹ አራት ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሦስት ናቸው። ያስመታ ከተመታው ጋር አይቆጠርም።»

የተመስገን እናት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ከእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ወሬውን ከሰሙ ወዲህ ጋሽ ኤርጃቦ በዚያ በኩል አያልፉም፤ ዞረው በጀርባ ነው የሚገቡት። ዕድሩን ተዉ። ለቅሶ እንኳ አይደርሱም። «በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አሉኝ። «ወሬ ብቻ ቢሆን እሺ። ዕቃው ሲደርሰኝ ይኼን ባትሪ ተጫንኩት፤ አልበራም። ሲበራ አድሮ ነዋ ድንጋዩ ያለቀው! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

ባትሪውን አነሣሁት። «ከዚያ ወዲህ ከፍተውታል?»

«ማን ይከፍተዋል! ከሣጥን አውጥቼው አላውቅም።»

አገላበጥሁት። ክዳኑና አካሉ የሚገናኙበት ዙሪያ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። ያን አፈር የትም ባየው አውቀዋለሁ። ጎባጣው ላይ ከተዘጋ ወዲህ ማንም አልፈታውም።

የድንጋይ ማዞሩን ነገር ነገርኋቸው። በሌላ ድንጋይ አሳየኋቸው። «የመዳቧ ጉብታ ወደ አምፖሉ ዞራ ከተገኘች ባትሪው ነቅቶ ነበር ማለት ነው። ወደ ክዳኑ ከዞረች ግን ተኝቷል፤ ሊበራ አይችልም» አልኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። በወሬ የሞተውን ልጅ በገዛ እጄ ደግሜ ልገድለው እችላለሁ። «ልክፈተው?»

ጋሽ ኤርጃቦ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ክፈተው።»

በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ያዝሁት። እንቢ አለ። ደገምሁት። ቀጭ ብሎ ለቀቀ፤ ቀዩ አፈር ጠረጴዛው ላይ ተራገፈ። ክዳኑን አነሣሁ።

የመዳቧ ጉብታ እኛን እያየች ነበር።

«ዞሯል» አልሁ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ። ነግሬያቸዋለሁ፤ ያውቃሉ። ግን ደግሜ እንድነግራቸው ፈለጉ።

«አልበራም፣ ጋሼ። ከዚህ ባትሪ ብርሃን አልወጣም። ያልበራልዎትም ድንጋዩ አልቆ አይደለም። ቢንያም እንደታዘዘ አዙሮት ነው።»

ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ተጫንሁት፤ ጨለማ ነው። ፈታሁት። ድንጋዩን ገለበጥሁና አጠበቅሁት። «አሁን እርስዎ ይጫኑት» ብዬ ሰጠኋቸው። ተጫኑት። መጀመሪያ ደብዘዝ አለ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ በራ። የዞረ ድንጋይ የሚበላው የለምና ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ብርሃኑን ወደ ገዛ ፊታቸው አዞሩና «ልጄን! ወይኔ ልጄን! እኔው አባቱ ፈረድኩበት!» እያሉ እንደ ሴት አለቀሱ፤ እኔም አላፈርሁም፣ አብሬ አለቀስሁ።

ከዚያ ብድግ አሉ። «ተነሥ፣ አብረኸኝ ሂድ። የምገባበት ቤት አለ።» ሱቄን ዘጋሁ። እኔ እያነከስሁ፣ እሳቸው ባትሪውን እንዳበሩ፣ በጠራራ ፀሐይ በሐይቁ ዳር መንገድ ሄድን። አንድ ባለጀልባ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው? ፀሐይቱ አለች እኮ!» ብሎ ቀለደ። ጋሽ ኤርጃቦ ባትሪውን አላጠፉትም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ኤርጃቦን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምነው ጠፉ ጋሽ ኤርጃቦ? እኔ ደጄን ዘግቼ አላውቅ፤ መንገድ የቀየሩት እርስዎ ነዎት» አሏቸው።

እኔ የባትሪውን ነገር አስረዳሁ። ጋሽ ኤርጃቦ የበራውን ባትሪ በሁለት እጃቸው ይዘው አጎነበሱ። «አራት ናቸው» አሉ። «የእኔም ልጅ አለበት።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ እጃቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው። «ታዲያ እኔ መቼ ሦስት አልሁ?» አሉ። «ለተመስገን ጧፍ ሳበራ ሁልጊዜ አራት ነው የማበራው። ይግቡ በሉ፤ ቆመው አይቀሩም።»

ጋሽ ኤርጃቦ ያን ሰኞ አልሄዱም። ሳምንት ሙሉ እዚያ ደጅ ሲገቡና ሲወጡ ከረሙ። ከዚያ አገራቸው ገቡ፤ ባትሪውንም ይዘው ሄዱ። ተሰናብተውኝ ሲሄዱ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ስመለስ ሱቄ ከወትሮው ጠበበችኝ።

በጎባጣው ኮረብታ፣ ከእነ ቢንያም ጉድጓድ፣ አራት ሞቱ፤ ተመስገን፣ ሰይድ፣ ገብሬ፣ ቢንያም። ከማዶ የሞቱትን እኛ አልቆጠርንም፤ እነሱም የሚቆጥራቸው እናት አላቸው። ያ ሰው አየሁት ያለው ብርሃን የምን እንደነበር፣ ጭራሹንም ብርሃን ይኑር አይኑር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሞርታር ያለ ብርሃንም ይተኮሳል። ከእኔ የምትሰሙት ይኸው ነው።

ማታ ሱቄን ስዘጋ አሁንም የራሴን ባትሪ ክዳን ፈትቼ ድንጋዩን እገለብጣለሁ። የሚያዘኝ የለም፤ ልማድ ነው። ወደ ሐይቁ ዞሬ በቀስታ «ድንጋይ ይዙር» እላለሁ። መልስ የሚሰጥ ስለሌለ መልሱንም ራሴው እላለሁ። «ዞሯል» እላለሁ፤ አራት ጊዜ።