መቀነቱ ፊት የቆመው ሰልፍ

አድማ በታኝ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከግምጃ ቤት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ዕቃ ጋሻ ነበር። ቀላል መስሎኝ በአንድ እጄ አንጠልጥዬው ወጣሁ። ለምሳ ስንሰለፍ ክንዴ ከመደንዘዙ የተነሳ ሳህኔን ጓደኛዬ ያዘልኝ።

አሰልጣኛችን ዋና ሳጅን ታፈሰ ይባሉ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አይናገሩም። በዚያው ቀን አሰልፈውን ሥራው ውስጥ እስካለን እንዳንረሳ ያሉትን ነገሩን።

«ፊት አትዩ። የተቆጣ ፊት ሁሉ ድንጋይ አይወረውርም። እጅ እዩ።»

የክፍላችንን ታሪክ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። በእሳቸው የወጣትነት ዘመን ረብሻ ሲነሳ ከየጣቢያው የተገኘው ፖሊስ ተሰብስቦ ይላክ ነበር። አንዱ ዱላ፣ ሌላው ጠመንጃ ይዞ ይሄዳል፤ አብረው ሠልጥነው አያውቁም። ሕዝቡ ምክር አልሰማ ሲል የሚቀረው ጥይት ብቻ ነበር። የእኛ ክፍል የተቋቋመው በምክርና በጥይት መካከል ያለውን ቦታ እንዲይዝ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የሕግ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስለ ተመጣጣኝ ኃይል ሲያስተምሩን ዋና ሳጅን ታፈሰ ትዝ ይሉኛል። የተሳሳትኩት ካለ የቀድሞ ጓዶቼ ያርሙኝ።

አሠራራችን ቅደም ተከተል አለው። ከፊት ጋሻ የያዙ፣ ከኋላቸው ቆመጥ የያዙ፣ ከመጨረሻ የአስለቃሽ ጭስ ተኳሾች ይሰለፋሉ። አዛዡ በድምፅ ማጉያ ያስጠነቅቃል። ሕዝቡ የሚወጣበት መንገድ ክፍት ይተዋል። ከዚያ ይጠበቃል። ካልሆነ ግራ እግር ይቀድማል፣ ቀኝ ይከተላል፣ በየእርምጃው ቆመጥ ጋሻውን ይመታል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚበተነው በድምፁ ብቻ ነው።

ረዳት ሳጅን ሆኜ ሸዋ ሮቢት ስመደብ ወደ አገሬ መመለሴ ነበር። ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቀወት ወረዳ መንደር ነው። ከደብረ ሲና ብርድ ወርደን ቆላው ሲቀበለን የሄልሜታችን መስታወት በላብ ይደበዝዝ ጀመር። የከተማው ልጆች ጋሻችንን አይተው «ኤሊዎቹ መጡ» ይሉናል። አንድ ኮንስታብል ጋሻው ሥር አንገቱን ቀብሮ እንደ ኤሊ ብቅ ጥልቅ ካለላቸው በኋላ ስሙ ጸደቀብን።

አሁን የምነግራችሁ በአንድ የበጋ ወር የሆነውን ነው። ሁለት መንደሮች ከአንድ የመስኖ ቦይ ይጠጣሉ፤ የላይኛውና የታችኛው። ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ጋሼ ይማም ናቸው። እሳቸው ወባ ይዟቸው ከተማ ጤና ጣቢያ ተኙ። የላይኞቹ ሽንኩርታችን ሊደርቅ ነው ብለው ያለ ተራቸው ውሃውን ዘጉ። የታችኞቹ ሽንኩርትም መጠውለግ ጀመረ። እነሱም ዱላና ዶማ ይዘው ወደ ላይ ወጡ። የታችኛው መንደር የእኔ መንደር ነው። በሁለቱም ወገን ዘመድ አለኝ። ደም ከፈሰሰ ለትውልድ የሚተርፍ ቂም እንደሚሆን አውቅ ነበር።

ጋንታችን ደረቁ ቦይ ውስጥ ገብቶ በሁለቱ መሐል ተሰለፈ። አዛዣችን ምክትል ኢንስፔክተር ግርማ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። አስጠነቀቁ፣ ጠበቁ። ከዚያ የላይኞቹን ከውሃው መዝጊያ እንድናርቅ ታዘዝን። ቆመጡ ጋሻውን መምታት ጀመረ።

በዚህ መሐል ከሁለቱም መንደር ሴቶች ወጡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። መቀነታቸውን ከወገባቸው ፈትተው ከፊታችን መሬት ላይ ዘረጉትና ከወዲያ ተቀመጡ። በእኛ ሰፈር እናቶች ለዕርቅ የዘረጉትን መቀነት የሚሻገር የለም። የተሻገረ ለድግስ አይጠራም፣ ለቅሶውም አይደረስም።

ሰልፋችን ግን አልቆመም። እጅ እንድናይ ነው የሠለጠንነው። የሴቶቹ እጅ ባዶ ነበር፤ ባዶ እጅ ደግሞ ለእኛ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። መሬቱን ያየ አልነበረም። እኔ በቀኝ ጫፍ ስለነበርኩና ቦዩ እዚያ ጋ ስለሚጎረብጥ ለእግሬ ዝቅ ብዬ ሳይ መቀነቱ ከጫማዬ ፊት ነው።

«ቁም!» አልኩ።

ሰልፉ ቆመ። ሰልፍ የማስቆም ሥልጣን ግን የእኔ አልነበረም። ከመቀነቱ ወዲያ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ የእናቴ እህት እትዬ ሙሉነሽ ነበረች።

«አስናቀ፣ በአረማመድህ አወቅሁህ» አለችኝ። «ያን ድስት ካናትህ አውርደውና ልይህ።»

«አላወርድም እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው እዚያው ቁም።»

አዛዡ ከኋላ መጥተው ማን እንዳስቆመ ጠየቁ። እኔ መሆኔን ተናገርኩ፤ የመቀነቱንም ነገር ባጭሩ አስረዳሁ።

«ገበሬዎቹም አይሻገሩም?» አሉኝ።

«የትኛውም ወገን አይሻገርም፣ አለቃ።»

ከኋላችን የታችኛው መንደር ጎረምሶች «ኤሊ መቀነት ፈራ!» እያሉ ይስቁብናል። አዛዡ መቀነቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ጋንታው ባለበት እንዲቆም አዘዙና ሾፌሩን ጋሼ ይማምን ከነሐኪማቸው እንዲያመጣ ላኩት። ወደ እኔ ዞረው፣ «የአንተን ጉዳይ ስንመለስ እናየዋለን» አሉ።

መቀነት ሰው ያቆማል፤ ድንጋይ አያቆምም። መጠበቁ ሲረዝም ከታችኞቹም ከላይኞቹም ድንጋይ ይበር ጀመር። የኋላው ረድፍ ፊቱን ወደ ታችኞቹ አዞረ። የፊተኞቹ ክንዳችንን ዘርግተን ሴቶቹን በጋሻ ሸፈንናቸው። እግራችን ከመቀነቱ ወዲህ፣ ጋሻችን ከመቀነቱ ወዲያ ነበር። ያ ኤሊ ሆኖ የሚያጫውተው ኮንስታብል ትከሻውን ተመታ። ቦታውን አልለቀቀም። ከሰልፉ ውስጥ ቆመጥ ያነሳ አንድም አልነበረም። በዚያ ፀሐይ በዚያ ጋንታ ውስጥ በመቆሜ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

መኪናው ጋሼ ይማምን ይዞ ደረሰ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ድንጋዩ ቆመ። ለላይኞቹ አንድ ቀን እንኳ ታምሜ ብተኛ ታሳፍሩኛላችሁ ወይ አሏቸው፤ ለታችኞቹም ውሃ በዱላ አይመጣም አሉ። ከአንዱ ዶማ ተቀብለው መዝጊያውን ራሳቸው መናድ ጀመሩ። ሁለት ጎረምሶች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ዶማውን ሊቀበሏቸው ተሽቀዳደሙ።

ሴቶቹ ግን አልተነሱም። ውሃውን ሳናይ አንነሳም አሉ። እኛም ትእዛዝ ስላልተሰጠን ቦዩ ውስጥ ቆመናል። ውሃው ጭቃ እየገፋ መጣና ጫማችንን ሸፈነ። ያኔ እትዬ ሙሉነሽ የረጠበ መቀነቷን አንስታ ጨመቀችና ታጠቀች። አዛዡ ሄልሜት እንድናወልቅ አዘዙ።

«ከስተሃል» አለችኝ እትዬ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አዛዡ ያለ ትእዛዝ ሰልፍ ማስቆም እንደሚያስቀጣ ነገሩኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ቅጣቴን ወዲያው ወሰኑ፦ በማግሥቱ በሻምበሉ አባላት ሁሉ ፊት ቆሜ መቀነት ምን እንደሆነ እንዳስተምር። አስተማርኩ። እሳቸውም ከፊት ተቀምጠው አዳመጡ።

በኋላ አሰልጣኝ ሆኛለሁ። ለአዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ቀን ጋሻ አሸክሜ ዋና ሳጅን ታፈሰ ያሉንን እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ፦ እጅ እዩ፤ እግራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ መሬቱን እዩ።