እጀ ቀላሏ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «እጀ ቀላሏ» ይላታል። ሌላው ደም ቀጂ ያጣውን የሕፃን ደም ሥር እሷ በጣቷ ዳብሳ ታገኘዋለችና። አይ ሙገሳ! እሷን ግን ጠፍሮ ያሰራት እሱ ነው። የሰፈር እናቶች ልጅ ሲያስቸግራቸው «ቆይ፣ መርፌዋን ነው የምጠራልህ!» ይላሉ። የእህቷ ልጅ እንኳ ስታያት አልጋ ሥር ትገባለች። ይሄ አንጀቷን ያሳርረዋል።

ስለዚህ የራጅ ትምህርት ተመኘች። እዚያ ማንም አይወጋም፤ «ትንፋሽህን ያዝ፣ በቃ ተንፍስ» ማለት ነው። ኮሌጁ ግን የመሥሪያ ቤቷን ፈቃድ ይፈልጋል። ቅቤ አንጓቹ የላብራቶሪ ኃላፊ ደግሞ በየዓመቱ «ዘንድሮን ብቻ ታገሺኝ» እያለ ያባብላታል። አሁን ስታመርርበት ጊዜ፣ «እሺ፣ አንዲት ተተኪ አሠልጥኚ። ያላንቺ እርዳታ እፊቴ ከአንድ ሕፃን ደም ከቀዳች፣ እዚያው እፈርምልሻለሁ» አላት።

አዲስ ተመራቂ ተሰጠቻት። ክረምቱን ሙሉ የገዛ ክንዷን ለልምምድ እየዘረጋችላት፣ «በዓይንሽ አትፈልጊ፣ ጣትሽን እመኚ» እያለች አስተማረቻት። ክንዷ በልዞ ቀረ፤ ለመውጣት ከሆነ ምን አለበት!

በፈተናው ቀን ትኩሳት ያደቀቀው ሕፃን መጣ። ኃላፊው እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። እጀ ቀላሏ እጆቿን ከኋላዋ ቆለፈች።

ተመራቂዋ ወጋች፤ ደም የለም። እንደገና ወጋች፤ አሁንም የለም። ሕፃኑ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ።

«በእናትሽ እህቴ፣ አንቺ ቅጂልኝ፤ ልጄን ጨረሰችው!» አለች እናትየው።

«አንዴ ብቻ፣ አገኘሁት መሰለኝ» አለች ተመራቂዋ፣ ጣቷን የሕፃኑ ክንድ ላይ አሳርፋ።

ሕፃኑ ሲቃ ያዘው። እጀ ቀላሏ መርፌውን መቼ እንደተቀበለች አላወቀችም። ደሙ ወዲያው መጣ።

እናትየው የእጀ ቀላሏን እጅ ስማ ወጣች። ኃላፊውም «አየሽ? አንቺን ለቅቄ የት ልግባ!» ብሎ እየሳቀ ወደ ቢሮው ሄደ። ሳይፈርም።

ተመራቂዋ ዕንባዋ መጣ። «እትዬ፣ የወጋሽው እኮ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። አግኝቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እጀ ቀላሏ፣ ጓንቷን እያወለቀች። «አይቼሻለሁ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን ቆሜ ማየት አቃተኝ።»