የእናቴ ጥያቄ በአረብኛ

ካርቱም ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ የለቀምሁት አረብኛ ነው ዛሬ እንጀራዬ የሆነው። የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ እኔ ቀደም ብዬ አገሬ ወረታ ገብቼ ነበር። ሰዉ በመተማ በኩል እየጎረፈ ሲመጣ አረብኛ የሚችል ይፈለጋል ተባለ፤ ሄድሁ፣ ፈተኑኝ፣ ተቀጠርሁ። ከዚያ ወዲህ ለስደተኞች አስተርጓሚ ነኝ። አንዳንዴ መተማ፣ አንዳንዴ ጎንደር፣ መንገዱ እንደ ፈቀደ።

ሲያሠለጥኑን አጥብቀው የነገሩን ስደተኛው "እኔ" ሲል እኛም "እኔ" እንድንል ነው። "እሱ እንዲህ ይላል" ማለት የለም። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም፣ ማሳመርም የለም። መጀመሪያ ላይ አፌ እምቢ አለኝ። አንድ ሽበታም ሰው ከጎኔ ተቀምጦ "ሚስቴን መንገድ ላይ ቀበርኋት" ሲል፣ እኔ ሴትዮዋ ወደ ጠያቂው ዞሬ "ሚስቴን መንገድ ላይ ቀበርኋት" ማለት አለብኝ። እየዋለ ሲያድር ግን ለመድሁት። የሰውየውን ቃል አድርሼ ስጨርስ፣ ውኃዬን ጠጥቼ ቀጣዩን እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን መተማ ላይ፣ ለምዝገባ ከተሰለፈው ሰው መካከል የማውቃቸው ሴት ቆመው አየሁ። ካርቱም እሠራላቸው የነበሩት እመቤቴ ናቸው። መካ ደርሰው ስለ መጡ ሁሉም "ሐጃ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ከስተዋል። ያ ሲያልፉ ቤቱን የሚሞላው ሰውነታቸው የለም። ባላቸው ጦርነቱ ሳይነሣ ሞተዋል፤ ቤቱን ጥለው ከእኅታቸው ልጆች ጋር ነው የወጡት። ሲያዩኝ ስሜን ጠርተው እጄን ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ለኃላፊዬ "እኒህን ሴት አውቃቸዋለሁ፣ ቤታቸው ሠርቻለሁ" ብዬ ተናገርሁ። ለሚያውቁት ሰው ማስተርጎም ስለማይፈቀድ ሌላ ልጅ ተመደበላቸው። ከሥራ ስወጣ ግን እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። ከርሞ ከርሞ አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው ፈቃድ አስወጣላቸውና የእኅታቸው ልጆች እዚያው ቀርተው እሳቸው እሱ ጋ እንዲሄዱ ተወሰነ። እኔም ያን ሰሞን ዕረፍት ወጥቼ ወደ ወረታ ልሄድ ነበር። "ባሕር ዳር ድረስ አድርሻቸው፤ እኔ እዚያ መጥቼ እቀበላቸዋለሁ" አለኝ ልጁ በስልክ። ከጎንደር አብረን ተሳፈርን።

ወረታ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። መናኸሪያው በር ላይ ሐጃን ሻንጣቸው ላይ አስቀምጬ ለእናቴ ደወልሁ።

"እማዬ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ያቺ ካርቱም የነበረችው እመቤቴ አብራኝ አለች። ይዣት ልምጣ?"

የያዘችውን ዕቃ ስታስቀምጥ በስልኩ ተሰማኝ።

"እንግዳ ከደጅ አይመለስም። አምጫት" አለች።

እናቴ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ የፎገራ ሜዳ በሚጀምርበት ላይ ነው። ባጃጁ እደጃፏ አይደርስም፤ ጭቃ ነው። ሩዙ ሊደርስ ቢጫ ማለት ጀምሯል፣ ዝቅ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ የክረምቱ ውኃ ገና አልሸሸም። ሐጃ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና እጄን ይዘው ቀስ እያሉ ሄዱ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። "ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ" አለች፤ በወጉ፣ ሳትስቅ። እኛ ክርስቲያኖች ስለሆንን ዶሮዋን አስቀድማ ወስዳ፣ ገበያው ውስጥ ሱቅ ያላቸውን ሙስሊም ጎረቤታችንን አሳርዳ መጥታ ነበር። ይህንን ስነግራቸው ሐጃ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

መንገዱ ሳይከፈት ቀን ቀንን ወለደ። እናቴ ታበላቸዋለች፣ ውኃ ታሞቅላቸዋለች፣ አልጋዋን ለቃላቸዋለች። የማይጎድል መስተንግዶ ነበር፤ ግን ወሬ የለበትም። እኔ መካከላቸው ተቀምጬ "ብዪ ብላለች"፣ "ጠገብሁ ብላለች" ስል ነው የምውለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ደጅ ተቀምጠን ሩዝ እንለቅም ነበር። ሐጃ ሥራ ካልሰጣችሁኝ ብለው ሰፌድ ተቀብለዋል። እናቴ ከእጇ ላይ ቀና ሳትል፦

"አንድ ነገር ጠይቂልኝ" አለችኝ።

"ምን?"

"ባሌ ሲሞት፣ ልጄን ለምን አልሰደዱልኝም? ለቀብሩ ይቅር፤ ለአርባው እንኳ ለምን አልሰደዱልኝም? በይልኝ።"

ደነገጥሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ካርቱም ነበርሁ። ወንድሜ መተማ ሄዶ፣ አረብኛ የሚችል ሰው ፈልጎ፣ እኔ የምሠራበት ቤት አስደውሏል። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ገበያ ላይ ነው። አንድ የወረታ ልጅ፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ አየኝና "ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናሽ" አለኝ፤ የሰማሁ መስሎት። የአባቴ አርባ ወጥቶ አልፏል። እያለቀስሁ ቤት ስገባ ሐጃ አቅፈውኝ አብረውኝ አለቀሱ። እኔ የደወለው ሰው አረብኛው አልሆንለት ብሎ፣ መልእክቱ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። ለእናቴም ያንኑ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን አላመነችም ኖሯል።

"እማዬ፣ እንግዳ እኮ ናቸው። ደግሞ ነግሬሻለሁ፣ መልእክቱ አልደረሰም።"

"አንቺን አልጠየቅሁም። ሥራሽ ይኼ አይደለም? አስተርጉሚ።"

አስተረጎምሁ። እንደ ደንቡ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ "ባሌ ሲሞት፣ ልጄን ለምን አልሰደድሽልኝም?" የሐጃ ጣቶች ሩዙ ላይ ቆሙ።

"የምትጠይቀኝ እናትሽ ናት ወይስ አንቺ?" አሉኝ።

"እናቴ ናት።"

"እንግዲያው ስነግራት አንቺም ስሚ። ላንቺም ነው።"

ከዚያ በዝግታ ተናገሩ። እኔ ጎንደርም መተማም ስንት ክፉ ነገር በአፌ አልፏል፤ ያን ቀን ግን ሰፌዴን መሬት አስቀመጥሁ። ዶሮዎቹ ወደ ሰፌዴ መጥተው ሩዙን ሲጭሩት እንኳ አላባረርኋቸውም።

"ምን አለች?" አለች እናቴ። "ንገሪኝ እንጂ።"

ወደ እሷ ዞርሁና ጀመርሁ።

"ስልኩን ያነሣው ባሌ ነው። በደንብ ገብቶታል። ለኔም ነግሮኛል። አማቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ ከልጅሽ በቀር የማንንም እጅ አትቀበልም። የምታገላብጣትም፣ የምታጥባትም፣ የምታበላትም ልጅሽ ነበረች። ረመዳን ነበርና ዒድ ይለፍ አልን። ዒድ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ። እውነቱ ግን ምክንያት አልነበረኝም። ከሄደች አትመለስም ብዬ ፈራሁ። ደበቅኋት። ገበያ ሰምታ ስትመጣም አብሬያት አለቀስሁ እንጂ አልነገርኋትም።"

እናቴ ሐጃን አይደለም፣ እኔን ነበር የምታየው። "ደበቅኋት" የሚለው ከኔ አፍ ሲወጣ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እነዚያን ሳምንታት አስታወስሁ፤ አባቴ አፈር ለብሶ፣ እኔ ለአሮጊቷ ገንፎ እያገነፋሁ፣ ራዲዮ ሰምቼ እየሳቅሁ።

እናቴ ሰፌዷን አወረደች።

"አልዋሸችኝም" አለች። ቀጥላም፦ "ንገሪያት። ያኔ ልጄ መጥታልኝ ቢሆን፣ እኔም ሁለተኛ አልሰዳትም ነበር። የፈራችው እውነቷን ነው። ግን ለቅሶዬን አልደረሰችም በያት። ይኼ ነው የቆረቆረኝ።"

ነገርኋቸው። ሐጃ መሬቱን ተመርኩዘው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ተነሡ። ልደግፋቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። እናቴ ፊት ቆመው፣ በሱዳን ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "አልፋቲሐ" አሉና ጸሎቱን በከንፈራቸው ደገሙ። እናቴ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ብድግ አለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ እሷም ቆመች። ሐጃ ሲጨርሱ እጇን ይዘው የነሱን የሐዘን ቃል ተናገሩ፦ በረከቱ በእናንተ ላይ ይኑር ማለት ነው። እናቴ ሳስተረጉምላት ጮኻ አለቀሰች።

ጩኸቱን የሰማች ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ ሮጣ ገባች።

"ምነው! ማን ሞተ?"

"ባሌ" አለች እናቴ።

"ባልሽማ… እሱማ ስንት ዘመኑ!"

"አውቃለሁ። እንግዳዬ ዛሬ ነው ለቅሶ የደረሰችኝ።"

ጎረቤታችን ሐጃን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችና እሷም ማልቀስ ጀመረች። አባቴን ደግ ገበሬ ነበር፣ ላሞቹን በስም ይጠራ ነበር እያለች ታወሳ ጀመር። እኔ ያንን ሁሉ እያዳመጥሁ ለሐጃ አስተረጎምሁላቸው። የሚገርመው፣ አንዳንዱን የአባቴን ነገር እኔም ገና መስማቴ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ እናቴ "እርስዎ" ማለቱን ተወችው። "ነይ ብዪ"፣ "ተይ ፀሐይ ላይ አትቀመጪ" ማለት ጀመረች። በሐጃ አረብኛ አንቱታ ስለሌለ ለውጡ ለሳቸው የሚነገር አልነበረም።

እኔ ግን እንደነሱ አልቀለለኝም። ሁለቱን ሳገለግል ቆይቼ የራሴ ነገር የመጣብኝ ኋላ ነው። በማግስቱ ከላሞቹ በረት አጠገብ ብቻዬን ቆሜ ሳለሁ ሐጃ መጡና "አንቺስ?" አሉኝ።

"እኔ ገና ነኝ፣ ሐጃ።"

"መብትሽ ነው" አሉ። አጠገቤ ቆመው ሜዳውን ሲያዩ ቆዩ፤ እኔም ሂዱ አላልኋቸውም።

መንገዱ ሲከፈት እናቴ "ከነዚህ ጉልበቶች ጋር ወንዛዬን ሳትነካ ልትሄድ ነው?" አለች። የራሷም ጉልበት ያማታል። ለሐጃ ልጅ ደውዬ አንድ ቀን አስፈቀድሁና ሦስታችን ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄድን። ሁለቱ አሮጊቶች ጎን ለጎን እግራቸውን ነክረው ተቀመጡ። አጠገባችን ያሉት ሴቶች እንግዳዋ ማን እንደሆነች ሲጠይቁ፣ እናቴ እኔ ሳልናገር "ልጄን ያኖረች ናት" አለች።

"ምን አለች?" አሉ ሐጃ።

በቃሉ ላይ ትንሽ አሰብሁ። "ልጄ በእሷ ቤት ኖራለች አለች" አልሁ።

ሐጃ በማግስቱ ባሕር ዳር ላይ ልጃቸውን አገኙ። አሁን አዲስ አበባ ናቸው። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። አልፎ አልፎ ይደውላሉ፤ መጀመሪያ መጀመሪያ አላነሣም ነበር፣ አሁን አነሣለሁ። ባለፈው ሰሞን ወረታ እያለሁ ደወሉና ጉልበታቸው እንደ ተሻላቸው ነገሩኝ። እናቴ ከጓዳ ሆና "የኔስ ብሶበታል በያት" አለች፤ እኔም ያንኑ አልኋቸው።