መልሱ ቅዳሜ ነው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርግ ደግሻለሁ፤ ብዙ ሙሽራ አስገብቼ ብዙ አስወጥቻለሁ። ይህኛው ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሥራዬ ሰርግ ማዘጋጀት ነው። መሪ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ሲ.ኤም.ሲ ደግሞ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር የተጋራኋት ጠባብ ቢሮ አለችኝ። ድንኳኑን፣ ዲኮሩን፣ የሙሽራ መኪናውን የማሯሯጠው፣ የሚዜዎችን ጠብ ሳይቀር የማበርደው እኔ ነኝ። እናቴ ይህን ሁሉ አይታ «አገሩን ሁሉ ድረሽ አንቺ ቀረሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሐምሌ የእኛ ሥራ የሚተኛበት ወር ነው። በዚያ ዝናብ ማን ይዳራል? ሰናይት የምትባል ፎቶ አንሺ ጓደኛ አለችኝ፤ ሥራ ፈትቼ ብታየኝ «ደንበኛ ዝም ብሎ አይመጣም፣ ኮንቴንት ያስፈልግሻል» እያለች ነዘነዘችኝ። እኔም ገጼ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ሚዜ ሲመረጥ ምን ይታያል፣ ቬሎ ሲከራዩ ምን ይጠየቃል፣ ለፎቶ እንጦጦ መውጣት የሚሻለው መቼ ነው፣ አማት ዲኮሩን ከጠላችው ምን ይደረጋል፣ የመጣልኝን ሁሉ ጻፍኩ። ሰዉ ወደደው። ጥያቄው ሲበዛብኝ «ጥያቄያችሁን ከሥር ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ» አልኩ።

ከዚያ ስለ ሌላኛው መልስ ጻፍኩ፤ ሙሽሮቹ ከሰርጉ በኋላ ወደ ሙሽሪት ወላጆች ቤት ተመልሰው ስለሚጋበዙበት። የዘንድሮ ሙሽሮች ያላቸውን ሁሉ አዳራሽ ላይ ይጨርሱና መልሱን ይሰርዙታል። ለእኔ አንድ ሥራ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ጨከን ብዬ «ሰርግ ያለ መልስ ግማሽ ነው» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። የተመኘሁትን ያህል ተነበበ።

በማግስቱ ከሥሩ አንድ አጭር ነገር ተጽፎ አገኘሁ። «መልስ እየጠበቅን ነው» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ስሟ ሶሬቲ ነው፤ ፎቶዋ ላይ ቬሎ ለብሳ ትስቃለች፤ የፊት ጥርሶቿ ትንሽ ተነባብረዋል፤ ስታዩአት ደስ ትላለች። ጥያቄ ጠይቃኝ ዘንግቻት መሰለኝ። ሳላጣራ «የኔ ቆንጆ፣ ይቅርታ! መልሱ ቅዳሜ ነው፤ አይቀርም!» ብዬ ጻፍኩላት። የአበባ ምልክትም ጨመርኩበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከእጅ የወጣም ያው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁጥሩን ገጼ ላይ ያሰፈርኩት ስልኬ ጮኸ። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«የሰርጓ ልጅ ነሽ?»

«አዎ አባቴ፤ ማን ልበል?»

«ገመቹ እባላለሁ፣ የሶሬቲ አባት። ቅዳሜ ያልሽው ዛሬ ነው አይደል? ሰው ተቀምጧል። አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

ክው አልኩ። ሰርግ ለሚደግስ ሰው ከዚህ የሚከፋ ቃል የለም። እንግዳው ተቀምጦ፣ እኔ ፒጃማዬን አልቀየርኩም! ያቺ ባለ ቬሎ ትዝ አለችኝና ነገሩ በራልኝ። ለካ ሶሬቲ የጠየቀችኝ የመልስ ድግስ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ለጥያቄ የሚሰጠውን መልስ መስሎኝ ቀን ቆርጬላታለሁ። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተነጋግረናል። ለሽማግሌ በስልክ «ተሳስቼ ነው» ማለት አልሆነልኝም። አድራሻቸውን ተቀብዬ፣ ቢሮ ያለኝን ነጭ ጨርቅና የተረፈ አበባ ጠቅልዬ፣ ሄጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ ይሻላል ብዬ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ የምጨነቀው ለስሜ ነበር።

በመገናኛ፣ በስድስት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳን እንዳለፍን ጉሙ ተቀበለን። ሽቅቡን ስንያያዘው ሹፌሩ በጠዋት መብራት አበራ። ባሕር ዛፉ ግንዱ እንጂ ጫፉ አይታይም። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ስወርድ አባባ ገመቹ ጋቢ ተከናንበው ቆመው አገኘኋቸው። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ በደን ጥበቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አበባውን ከእጄ ተቀብለው በጭቃው ቁልቁል መሩኝ።

እኔ ስፈራ አፌ አያርፍም። ይቅርታዬን ከየት እንደምጀምር ስለጠፋኝ ስለ ሥራ መለፍለፍ ያዝኩ።

«ሙሽሪት ደርሳለች አባባ? የለበሰችውን ሳላይ ዲኮር መጀመር አልወድም።»

ቆሙ። ዞረው አዩኝ።

«አላወቅሽም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ሶሬቲ እኮ ሞታለች። ጥር ላይ።»

እዚያው ጭቃው ላይ ቆመው ነገሩኝ። ሰርጓ አምሮ አለፈ። ለመልሱ ግቢያቸው ድንኳን ተተከለ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሙሽሮቹ ከመሪ ተነሥተው ሲመጡ፣ ይሄንኑ እኔ የመጣሁበትን ዳገት ሲወጡ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፍሬን አልይዝ አለ፤ ገደል ገባ። የሚነዳው ሙሽራው ነበር። እሱ ተረፈ፤ እሷ አልተረፈችም።

«ለመልስ የተከልነው ድንኳን ሳይነቀል ለለቅሶ ዋለ» አሉ አባባ ገመቹ። «ለመልስ የመጣው ሰው ከዚያው ተነሥቶ ቀበራት።»

«ታዲያ ለእኔ ማን ጻፈልኝ?»

«እኔም አንቺን ልጠይቅ ነበር።»

ስልኳ ከአደጋው ተርፏል። እናቷ እማማ ደብሪቱ፣ ፎቶዋ ስላለበት፣ እንዳይጠፋ በየቀኑ ቻርጅ ያደርጉታል። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። አባባ ገመቹ ያነባሉ፤ ስልክ ላይ መጻፍ ግን አያውቁም። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ስልኩ ድምፅ ሲያሰማ እማማ ደብሪቱ ሮጠው ለአባባ ገመቹ አመጡላቸው፤ እሳቸውም የእኔን ጽሑፍ ከነርዕሱ፣ ከዚያም ለሶሬቲ የመለስኩትን አነበቡላቸው። መልሱ ቅዳሜ ነው፤ አይቀርም።

«ከጥር ወዲህ እህል አስገድደን ነው የምናበላት» አሉኝ። «ያን ስትሰማ ተነሣች። ቤቱን ጠረገች፣ ጥቁሯን አወለቀች፣ ጎረቤቱን ራሷ ዞራ ጠራች። በላች ልጄ፤ ራሷ ቆርሳ በላች። ስህተት ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?»

«አባባ፣ እኔ መልስ ያልኩት የጥያቄ መልስ…»

«ገብቶኛል» አሉ። «ለእሷ ግን አትንገሪብኝ።»

እውነቱን ልናገር፣ መሮጥ ነው ያማረኝ። ግን ተከተልኳቸው።

ከግቢው በር ውጭ፣ አጥሩን ተደግፎ አንድ ወጣት ቆሟል። ከዘራ ይዟል፤ ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ሙሽራው ዳዊት መሆኑን አባባ ገመቹ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጠርተውት መጥቷል፤ ግቢውን ግን ከቀብሩ ወዲህ ረግጦት አያውቅም።

ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ የተደረደሩ ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች ተቀምጠዋል። ለሰርግ ይሁን ለተዝካር እንደተጠሩ የሚያውቁ አይመስሉም። ፊት ለፊት ነጭ አንሶላ የለበሱ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እማማ ደብሪቱ ብቅ አሉ። ነጭ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። «ኮቱ፣ ሴኒ» አሉኝ፤ ነይ ግቢ ማለታቸው ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሰርግ ያለ መልስ ግማሽ ነው ብለሻል አሉ። እውነት ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደንበኛ ለመሳብ የጻፍኩትን ነገር የልጅ እናት እንዲህ ይዛ ስትጠይቀኝ ምን እላለሁ?

«እውነት ነው እማማ» አልኩ።

«እንግዲያው የልጄን ግማሽ ስጪኝ።»

አጠገባችን ያሉ አንዲት አሮጊት ነጠላዬን ሳብ አድርገው በጆሮዬ «ዛሬም ቀረ ካልናት አትተርፍልንም፤ እንደምንም አድርጊ» አሉኝ። እንደምንም! እንደምን? ለቀባሪ አረዱት ይባላል፤ ይህች እናት ሁሉን ታውቃለች፤ የምትፈልገው ቀን እንዲደርስላት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከሥራዬ በቀር የማውቀው የለኝም። ነጩን ጨርቅ ወንበሮቹ ላይ አሰርኩ፤ አበባውን ሰካሁ። ወደ በሩ ወጣሁ።

«ዳዊት» አልኩት፣ «በመልስ ቀን ሙሽራ በር ላይ አይቀርም። ና።»

«ብቻዬን እንዴት እገባለሁ?» አለኝ። «የወሰድኳት እኔ፣ ያልመለስኳት እኔ። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ብቻህን አይደለህም። እኔ ከኋላህ ነኝ።»

ከዚያ ከዘራውን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረና ገባ። በግራው በኩል ሰው የሚያህል ቦታ ትቶ ነው የሚራመደው። ሆን ብሎ አይመስለኝም።

እኔ ሙሽራ ሳስገባ ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ። ቬሎው መሬት እንዳይነካ ጫፉን አነሳለሁ፤ በተለይ በክረምት፣ በተለይ እንዲህ ባለ ጭቃ። የበሩን ደፍ ስንሻገር ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። ማንሳቴን እንኳ አላወቅሁም። ያወቅሁት ሴቶቹ ፊቴን ትተው እጄን ሲያዩ ነው። ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ፣ ጣቶቼን ጨብጬ፣ ባዶውን ቦታ ተከትዬ እሄዳለሁ።

ደነገጥኩ። ልለቅ ፈለግሁ። አልቻልኩም፤ ብለቀው ጭቃ ውስጥ የሚወድቅ መሰለኝ። ማንም ይሳቅብኝ፣ እንደ ተሰማኝ ልጻፈው፤ እጄ ላይ ክብደት ነበር። የራሰ ቬሎ ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አላጣውም።

አንዲት ሴት እልል አለች። ቀጭን ናት እልልታዋ፣ ለመቆረጥ የደረሰች። ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ሌላዋም። መሀል ላይ እልልታው ከለቅሶ ጋር ተደባለቀና የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ዳዊት ተንበርክኮ የእማማ ደብሪቱን ጉልበት ሳመ። እሳቸው አነሡት፤ ግራና ቀኝ ሳሙት፤ «ልጄ» አሉት። ከዚያ በግራው ወዳለው ባዶ ቦታ ዞሩ። እጃቸውን ከራሳቸው ከፍ አደረጉና፣ እናት የሙሽራ ልጇን ዓይነ ርግብ እንደምታስተካክል፣ ቀስ ብለው አስተካከሉ። «ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለት ነው። ያኔ እኔም አነባሁ።

ከዚያ ተበላ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ዳዊት አንደኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ፣ እማማ ደብሪቱ ለሁለቱም አጎረሱ፤ የእሷን ጉርሻ እሱ ጎረሰላት። የሚስቅም፣ የሚያፍርም አልነበረም።

ልሄድ ስነሣ እማማ ደብሪቱ እስከ በሩ ሸኙኝ። ዝናቡ ጀምሯል።

«እስከ ዛሬ ልጅሽስ ሲሉኝ ቀበርኳት ነበር የምለው» አሉኝ። «ከእንግዲህ ግን ዳርኳት እላለሁ።»

ዳዊት አሁን በየበዓሉ ዳገቱን እየወጣ ይጠይቃቸዋል። ያን ኮመንት እሱ ጽፎት እንደሆነ ጠይቄው በማርያም ምሎልኛል። ሰናይት «የእሷን ገጽ የሚከፍት ሌላ ሰው ይኖራል» ትላለች። ይኖር ይሆናል። ደግሞ «ይሄን ብትጽፊው ደንበኛ በሰልፍ ነው የሚመጣልሽ» አለችኝ፤ ተቆጣኋት። ስለ መልስም ከዚያ ወዲህ ገጼ ላይ ጽፌ አላውቅም።

በመሄዴ አልጸጸትም። እማማ ደብሪቱ ይበላሉ፣ ይስቃሉም ይሉኛል፤ ሳስበው ደስ ይለኛል። ግን እፈራለሁ። ሙሽራ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ቬሎዋን እግሯ ሥር ዘርግቼ፣ አስተካክዬ፣ ከዚያ ነው የምለቀው። በሥራዬ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን በሩ ላይ ማንሳቴን አስታውሳለሁ። እስከ ወንበሩ መሄዴንም አስታውሳለሁ። መልቀቄን ግን አላስታውስም።