አጎቴ የደበቃት ጎማ

ያረጀ የቪዲዮ ማጫወቻ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ትናንት ሳሎኔ ውስጥ ሰክቼው ገና ሞቅ ከማለቱ ልጄ አፍንጫውን ይዞ በዕብራይስጥ «ጣይው በቃ፣ ቤቱን አገማው» አለኝ። «አንተን ነው አውጥቼ የምጥለው!» አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አጎቴ ፊቴ ድቅን ይልብኛል፣ ደሜም ይፈላል።

ስሙኝማ። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት የሚሉት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እንኖራለን። ጎንደር የቀሩት ዘመዶቻችን ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲያገኙ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጸው ይልኩልን ነበር፤ እኛም ተቀርጸን እንልክላቸዋለን። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ደብዳቤዋ እሱ ነው። በተለይ ያሳደገቻትን ታላቅ እህቷን፣ «እትዬ» የምትላትን፣ አይታ አትጠግብም። ቴሌቪዥኑን እያየች መልስ ትሰጣታለች፤ «እኔስ ደኅና ነኝ እትዬ፣ አንቺ እንዴት ነሽ?» እያለች።

የበረሃው አቧራ ግን ጠላታችን ነበር። ነፋስ ሲነሳ መስኮቱን ብንዘጋውም ይገባል፣ ምስሉም ጭጋግ ይለብሳል። እኔ በካቻቪቴ ክዳኑን ፈትቼ፣ ቴፑን የሚያነበውን ክብ ብረት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ቀን ተክናይ፣ ጠጋኙ፣ ሲሠራው አጠገቡ ቆሜ አይቼ ነው። ሪሞቱንም ለእናቴ አቀለልኩላት፤ የማጫወቻውን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም፣ የማቆሚያውን በነጭ ቀባሁት፣ የቀሩትን እንዳትነካብኝ በፕላስተር ሸፈንኳቸው። «ቀይ ሂድ፣ ነጭ ቁም» ትላለች እየሳቀች።

በዚያ ሰሞን የአጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ልጅ ልታገባ ነው። ኡላሙ፣ የሰርጉ አዳራሽ፣ ተይዟል። አንዲት ከጎንደር የተመለሰች ሴት ካሴት አመጣችልን። እናቴ ሆስፒታል ጽዳት ላይ ስለነበረች ስትመጣ አብረን እናየዋለን ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከሰዓት በኋላ አጎቴ ከች አለ። ካሴቱን አየው፣ ከዚያ እኔን።

«ቪዲዮው ድምፁ ተበላሽቷል አሉ፣ እስቲ ልየው» አለ። ማን እንዳለው እንጃ! ካቻቪቴዬን ተቀብሎኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎረጎረው። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ክዳኑን ገጥሞታል። «ተቃጥሏል። ማንም እንዳይነካው። ከሰርጉ በኋላ እኔ ራሴ ተክናይ ጋ እወስደዋለሁ።» ሻዩን እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። እናቴም «አጎትሽ ያለሽን ስሚ» ብላ እጄን አሰረችው።

ሰርጉ ደረሰ። እናቴ ያን ቀን እንዴት እንዳማረባት! እልል አለች፣ እስክስታ ወረደች፣ ላብ በላብ ሆነች። ዘመዶቻችን ግን ሲያዩዋት ቶሎ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዲት እማማ እንዲያውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እያለቀሱ ወጡ። እኔ ሞኟ ደስታ ነው አልኩ።

ከሰርጉ በኋላም አጎቴ ዛሬ ነገ ይላል። እናቴ «ወንድሜ፣ የእትዬ ፊት ናፈቀኝ እኮ» ትለዋለች። እሱ «ደርሷል፣ ደርሷል» ይላል። ሰለቸኝና እናቴ ሥራ በሄደችበት ፈታሁት። የተቃጠለ ነገር ብፈልግ የለም። መንኮራኩሩን የምታዞረው ቀጭን ጎማ ግን የለችም። ተበጥሳ ቢሆን ቁራጯ እዚያው ይገኝ ነበር። ሰው ነው ያወለቃት። በአውቶቡስ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ፣ ወርጄ ከአሮጌ ዕቃ ጠጋኝ ሌላ ገዛሁና ገጠምኳት፤ ያንን ካሴትም ከተትኩበት።

እናቴ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቀዩን ተጫነች። እትዬ መጣች። አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ በጣም ከስታ፣ «የኔ እህት፣ ከሳች ብለሽ አትደንግጪ፤ ምግብ እንቢ ብሎኝ ነው። አደራ፣ አትጥፊብኝ» አለች። እናቴም «አልጠፋም እትዬ፣ የት እጠፋለሁ!» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ምስሉ ተቆረጠ። ድንኳን መጣ። ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ አንዷ የእትዬን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

እናቴ «እሷ አፈር ውስጥ፣ እኔ እስክስታ!» አለች በዝግታ። ከዚያ ፊቷን ትነጨው ጀመር።

ጎረቤት ልቅሶውን ሰምቶ ደወለለት፣ አጎቴ እየሮጠ መጣ። እህቱን ሳያጽናና እኔ ላይ ዞረ። «መርዶ በቪዲዮ ይነገራል? አንቺ ባለጌ!» መርዶ በእኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በማለዳ ሄደው፣ ሰውየውን መሀል አስቀምጠው ነው የሚነግሩት፤ ሲወድቅ ደግፈው እንዲይዙት። መልካም ወግ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን መርዶ የሚቆየው ለሐዘንተኛው ተብሎ ነው እንጂ ለኡላም ተብሎ አይደለም! ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። እጁን አነሳብኝ። እናቴ ከወለሉ ላይ ቀና ብላ «ንካትና ታያለህ። ውጣልኝ» አለችው። ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እሷ እስክትሞት ድረስ ደጃችንን አልረገጠም።

እስከ ዛሬ ዘመድ በተሰበሰበበት «መርዶ በቪዲዮ ያረዳችው» እባላለሁ። ይበሉኝ! ቅንጣት አልተጸጸትኩም። እህቷ አደራ ያለቻትን ከእናቴ የደበቀው እሱ ነው፣ ያሰማኋት እኔ ነኝ።

እናቴ ካቻምና እዚሁ ሆስፒታል አረፈች። ሽማግሌ አልሰበሰብኩም። ከክፍሏ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እንደቆምኩ አጎቴ ጋ ደወልኩና ሰላም እንኳ ሳልለው «እህትህ ሞተች» አልኩት። ስንት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ድንጋጤውን ልሰማ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ።

አጎቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እያለቀሰም «ድምጿ ያለበት ካሴት አለሽ? አንዴ ልስማት» አለኝ።

አሰብኩ። እናቴ የተቀረጸችባቸውን ካሴቶች ሁሉ ጎንደር ልከናቸዋል። ለእኛ ብለን አንድ እንኳ አላስቀረንም፤ እሷ እቤት አለች፣ ምን ያደርግልናል ብለን።

«የለኝም» አልኩት። ስልኩን ልዘጋበት ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ። ከሚያለቅሰው አጎቴ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።