ገና ለሚፈተን ቫልቭ የቀረበ ምስጋና

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሳሁ። እህቴ ዘነበች ልትሸኘኝ ከሞርሲቶ መጥታ ነበር፤ ከባጃጁ እስከ ሚኒባሱ ባለችው አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። በልጅነቷ ያመማት ቶንሲል የልቧን ቫልቭ አበላሽቶታል። ሕመሙ አገርሽቶ የቀረውን እንዳይጎዳው በየወሩ መርፌ ትወጋለች።

ደቡብ አፍሪካ ስገባ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ፣ «በአገርህ ምን ነበርክ?» አለኝ።

«ጋዜጠኛ።»

«እዚህ ወሬ አልጠፋም። ሌላ ምን ትችላለህ?»

ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆንኩ፤ በኋላ ማሽን ጠባቂ። ቫልቩ የሚሰፋው ከከብት የልብ ሽፋን ነው። ተጣጥፎ በቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ደረት ሳይከፈት በእግር ደም ሥር በኩል ሄዶ ልብ ውስጥ ይዘረጋል። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ በውሃ እየገፋ የብዙ ዓመት የልብ ምት ያህል ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። የእኔ ሥራ ሲቀደድ ማየት ነው። ብዙው ይቀደዳል።

ሆሳዕና ውስጥ የባጃጅ ሹፌር እንኳ የእናትህን ጤና ሳይጠይቅ አያወርድህም። እዚህ ግን የቤተ ሙከራውን ኢንጂነር፣ «ለሰው የሚደርሰው መቼ ነው? እህቴ ታማለች» ብለው፣ «እዚህ የሚሠራ ሰው ሁሉ የታመመ ዘመድ አለው» ብሎ ፊቱን ወደ ማሽኑ መለሰ። አከራዬ፣ የዱራሜው ጋሽ ኤርጎጌ፣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

«አማኝ ነኝ እያልክ በፈጣሪ ሥራ ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«ጋሼ፣ የእርስዎስ ጥርስ ሰው ሠራሽ አይደለም?»

«ጥርስ ሌላ ነው። እሱን ማታ አወልቀዋለሁ።»

ለዘነበች በስልክ የነገርኳት፣ «ቫልቩ እየተፈተነ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። እናንተ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ግን እሑድ ጉባኤ ፊት አቁማችሁ አስመሰከራችኋት፤ ልጃችን አዲስ ልብ ሊልክ ነው ብላችሁ እልል አላችሁ። ከእናንተ አንድም ሰው ደውሎ አልጠየቀኝም።

«መርፌውን ተወጋሽ?» አልኳት በሚቀጥለው ወር።

«ምስጋና ካቀረብኩ በኋላ? ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ቢያዩኝ ካደች አይሉኝም?»

«ዘኒ፣ ይሄ ነገር ገና ማሽን ላይ ነው። ትናንት እንኳ ተቀዷል።»

«አንተ ጋዜጠኛ ስለሆንክ ማመን ይከብድሃል።»

«መርፌው የቀረውን ልብሽን ነው የሚጠብቀው!»

«በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ውሸታም ላድርግህ?»

«አድርጊኝ። ውሸታም በይኝና ተወጊ።»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አታነሳም።

ሐሙስ ጠዋት ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ደወልኩ። አብረን ነው የተማርነው። ዘነበች ስትቀር ጊዜ ነርሷ መርፌውን ይዛ እቤቷ ድረስ ሄዳለች። ውስጥ መዝሙራችሁ ይሰማ ነበር። አንኳኳች። አልከፈታችሁላትም።