ጋሽ እሸቴ ያስነበቡኝ ፊደል

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት አሮጌ አውቶብስ ወደ ዘመሮ የሚያወጣውን ዳገት ሲያጋምስ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን አልተራመደም። ወዲያው ከወለሉ ሥር ያ ሽታ ወጣ፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን። የተለበለበ ቀንድ ይመስላል፣ ዘይት ዘይትም ይላል። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን በነጠላው ሲሸፍን እኔ ጋሽ እሸቴን በሐሳቤ አየኋቸው፤ በቱታቸው ላይ በርኖስ ደርበው፣ ገበያው ዳር ካለችው ቆርቆሮ ቤታቸው በር ላይ ቁጢጥ ብለው።

ጋሽ እሸቴ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነበሩ። ቀድሞ አባቴ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት መካኒክ ሆነው ሠርተዋል። አባቴ ንብረት ክፍል ነበር። እኔ ሳልወለድ ለመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል አዳዲስ የፍሪሲዮን ዲስኮች መጡና ጋሽ እሸቴ ገጠሟቸው። አባቴ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ «አዲሶቹን ሸጦ አሮጌዎቹን መልሶ አስገብቷል» ብሎ መሰከረባቸው። «ሞተሩ ይከፈትና ይታይ» ብለው ለመኑ። የሰማቸው የለም። ሁለት ዓመት ታሰሩ። እናታቸው የሞቱት እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ነው፤ አልቀበሯቸውም። አባቴ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ያንኑ ሞተር ሳይክል በጨረታ ሲያስወግድ የገዛው አባቴ ነበር። ቀይ ነው፤ ታንኩ ጎንና ጎኑ የሚያብለጨልጭ። ከፊት ታንኩ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት የመንዝ ብርድ ፊቴን ሲገርፈው የሞተሩ ሙቀት እግሬን ያሞቀኛል። ከእኔ የበለጠ የታደለች ልጅ ያለች አይመስለኝም ነበር።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በአንድ የገበያ ቀን ያ ሞተር ገበያው አፋፍ ላይ ቆመ። አባቴ ማርሽ ቢቀንስ፣ ነዳጅ ቢሰጠው፣ ጩኸት ብቻ ሆነ። በከተማው ከጋሽ እሸቴ በቀር ጠጋኝ አልነበረም። አባቴ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አሰበ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እየገፋ ወሰደው።

«መቼ ጀመረው?» አሉ ጋሽ እሸቴ፣ ሰላም ሳይሉት።

«ዛሬ ባሰበት። ይጮሃል እንጂ አይሄድም።»

እጀታውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። የፍሪሲዮኑ ገመድ፣ ካቦው፣ በደንብ ላልቷል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሞተሩን አስነሥተው ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሬኑን እንደያዙ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁት። ደህና ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ታንቆ ይጠፋ ነበር። አልጠፋም።

«ዲስኩ አልቋል። ይከፈታል» አሉ።

አባቴ ፈጠን ብሎ፣ «ሞላውን ብቻ ያጥብቁልኝ፣ ጋሽ እሸቴ። ቤት ካደረሰኝ ይበቃኛል» አለ።

«ሞላውም ያለው ክዳኑ ውስጥ ነው፣ ደምሴ። ለእሱም ይከፈታል።»

ከዚያ ቁልፋቸውን ሳያነሡ ወደ ገበያው ዞረው፣ ግንብ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሦስት ሽማግሎችን ጠሩ። «አንድ ጊዜ መጥታችሁ ቁጭ በሉልኝ» አሏቸው። ገበያተኛውም ተከትሎ ከበበ። ጋሽ እሸቴ አልቸኮሉም። ዘይቱን አፈሰሱ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው በቆርቆሮ ሰሃን አኖሩ፣ ሞላዎቹን አወጡ። ዲስኮቹን እየመዘዙ በቤንዚን አጥበው ጆንያ ላይ ደረደሯቸው። አምስት ነበሩ፤ አልቀው ጠቁረዋል። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ በብረት ቀዳጅ የተመታ ምልክት ነበረ።

«አዲስ ዕቃ ስገጥም የስሜን መጀመሪያ እመታበታለሁ፤ አሮጌ ላይ አልመታም» አሉ ለሽማግሎቹ። ወደ አባቴ ዞሩ። «አንብብላቸው።»

አባቴ አላነበበም። 

ያኔ እኔን አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ፊደል ቆጥረሻል?»

«አዎ።»

«ነይ አንብቢልን።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። «እ» አልኩ።

«ጮክ በይ፤ አባቶች አልሰሙም።»

«እ!» አልኩ። ሁለተኛውን አነሡልኝ፣ ሦስተኛውን። አምስቱንም አነበብኩ። ሳልሳሳት በመጨረሴ ኮርቼ ወደ አባቴ ዞርኩ። መሬት መሬት ያያል።

ከሽማግሎቹ አንዱ ቀስ ብለው፣ «አዲሶቹ እዚሁ ውስጥ ነበሩ እንዴ?» አሉ።  አባቴ ጋሽ እሸቴ ጉልበት ላይ ወደቀ። ሽማግሎቹም «ይቅር በለው፣ ለእግዜር ብለህ» እያሉ ለመኑለት።

ጋሽ እሸቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ይቅር ብያለሁ» አሉ። «መግጠሙን ግን ሌላ ሰው ይግጠምለት።»

የተፈታውን በጆንያ ተሸክሜ፣ አባቴ ሞተሩን እየገፋ፣ በገበያው መካከል አልፈን ቤታችን ገባን። መንገዱን ሙሉ አላየኝም። ከዚያም ቀን በኋላ ደህና አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ሞተሩ ጓሯችን ውስጥ ዝጎ ቀረ።

እኔም ቂሜን ይዤ አደግሁ። አባቴ ምን እንዳደረገ ከገባኝ በኋላ እንኳ ቂሜ በእሳቸው ላይ ነበር፤ በእኔ አፍ ስለቀጡት። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ ጋራዣቸው ሄድኩ። ያልተከደነ ሞተር ላይ ልጨምረው እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ መጡ።

«እሱ የሰው ነው» አሉኝ። «የእኔ ይኸውልሽ።» የራሳቸውን ሞተር ሳይክል የዘይት ክዳን ፈትተው ፊቴ አቆሙት።

አሸዋውን እንደጨበጥኩ ወደ ሞተሩ ቀረብኩ።

«አንቺን ማስነበቤ ልክ አልነበረም፤ ልጅ ነበርሽ» አሉ። «አባትሽ ላይ ያደረግሁትን ግን ዛሬም ብሆን እደግመዋለሁ።»

አሸዋውን ጨመርኩት፤ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ። ቆመው አዩኝ እንጂ አልከለከሉኝም። ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ሳስበው ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ጋሽ እሸቴ አምና ሞቱ። አባቴ ከእሳቸው ቀድሞ ሞቷል። እናቴ «ሰው ምን ይለናል» ብላ ለቅሶ ይዛኝ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላችን የተቀመጡ ጎረምሶች፣ «ሰውዬው ድሮ በሌብነት ታስረው ነበር አሉ» ሲባባሉ ሰማሁ። ያንን ሁሉ ገበያተኛ አስቆመው አለመስረቃቸውን ያሳዩት ሰው እንደገና ሌባ ሊባሉ ነው።

ተነሣሁ። «አልሰረቁም» አልኩ።  «በሐሰት የመሰከረባቸው ደምሴ ነው። አባቴ ነው።»

ያን ቀን ማንም አንብቢ አላለኝም ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች።